ከበደ ስንት ሰው ነው?



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ የኤክሴልን የቆጠራ ፎርሙላዎች ፓወር ቢአይ ወደሚባለው የሪፖርት መሥሪያ ስለማዛወር ነበር። የምናገረውም ስለዚያው ነው፤ ርዕሱን ግን በገዛ ሥልጣኔ ቀይሬዋለሁ። ለምን እንደቀየርኩት ለመናገር በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የደረሰብኝን እፍረት ማስቀደም አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር መረጃ እይዝ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም ከእነሱ ይልቅ የእኔ ነው። በዓመታዊው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ተነሥተው «በጥቅምት ወር 412 አባላት ከፍለዋል» አሉ። ጥቂት ቆይታ ሒሳብ ሹሟ የራሷን ሪፖርት ስታነብ 388 አለች። የቁጥጥር ኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ በተራው 351 ብሎ አነበበ። ሦስቱም ቁጥር የወጣው ከአንድ ፋይል ነው። ፋይሉን የሠራሁት እኔ፣ ሦስቱንም ፎርሙላ የጻፍኩት እኔ። አዳራሹ ማጉረምረም ሲጀምር ከመሐል ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ ሱቅ ነው ያለኝ። መዋጮዬን ግማሹን በወሩ መግቢያ፣ ግማሹን ገበያ ሲደራ አስገባለሁ። ለመሆኑ እኔ ስንቴ ተቆጠርኩ?»

መልስ አልነበረኝም። «አባቴ፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። አጣርቼ ስነግራቸው ሁለት ወር አልፎ ነበር።

ኤክሴልን ለማማት አልመጣሁም። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክን በ1979 ለአፕል ኮምፒውተር ሲያወጡ (የማነሣቸው የሶፍትዌር ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሒሳብ ሠራተኛው በእርሳስና በላጲስ የሚያድርበትን መዝገብ ነው ወደ ማያ ገጽ ያመጡለት። ኤክሴል በ1985 መጀመሪያ ለማኪንቶሽ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለዊንዶውስ ወጣ። ይኸው ዛሬም ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የአገራችን ሪፖርት የሚሠራው በእሱ ነው። ውበቱ ቁጥሩም፣ ፎርሙላውም፣ መልኩም በአንድ ሴል ውስጥ አብረው መኖራቸው ነው። ችግሩም ያው ነው። ሴሉን ስታዩ ቁጥሩ ይታያችኋል፤ ቁጥሩን የወለደው ውሳኔ ግን ከሥሩ ተቀብሯል።

ነገሩን በትንሽ ሠንጠረዥ ላሳያችሁ። አምስት አባላትና ስድስት ደረሰኞች አሉን እንበል። የወር መዋጮው 500 ብር ነው። አልማዝ በጥቅምት 5 ሙሉውን ከፈለች፤ አንድ ደረሰኝ። ከበደ እንደ አዛውንቱ በ3 250፣ በ18 ደግሞ 250 ከፈለ፤ ሁለት ደረሰኝ። ፋጡማ መስከረምን ዘልላ ስለነበር በ10 መጥታ አንድ ለመስከረም ውዝፍ፣ አንድ ለጥቅምት አስቆረጠች። ደረጀ በ12 በቼክ ከፈለ፤ ደረቅ ቼክ ሆኖ ተገኘና ደረሰኙ ተሰረዘ። ጫልቱ ምንም አልከፈለችም።

በጥቅምት ስንት ሰው ከፈለ?

የሠንጠረዡን ረድፎች በካውንት-ኤ ብትቆጥሩ 6 ይላችኋል። «የሚመለከተው ወር» በሚለው አምድ ላይ በካውንት-ኢፍ «ጥቅምት» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የፋጡማ ውዝፍ ይወጣና 5 ይሆናል። በካውንት-ኢፍስ «ያልተሰረዘ» የሚል ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታ ብትጨምሩ ደረጀ ይወጣና 4። ጣታችሁን አጥፋችሁ ሰዎቹን ብትቆጥሩ ግን አልማዝ፣ ከበደ፣ ፋጡማ፤ ሦስት ናቸው።

ስድስት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። አራቱም ትክክል ነው። የመጀመሪያው የተቆረጡ ደረሰኞች፣ ሁለተኛው ለጥቅምት የተቆረጡ፣ ሦስተኛው ለጥቅምት ተቆርጠው የጸኑ፣ አራተኛው ደግሞ የከፈሉ ሰዎች ቁጥር ነው። ስህተቱ ያለው ከቁጥሩ በላይ በተጻፈው አርዕስት ነው፤ በእኔ ፋይል ላይ ሦስቱም አምዶች «የከፈሉ አባላት» ነበር የሚሉት። ረድፉ ደረሰኝ እንጂ ሰው እንዳልሆነ ረስቼ ነበር።

ይህን የሚረሳ እኔ ብቻ ብሆን እዚህ ባልቆምኩም። በፈረንጆቹ መስከረም መጨረሻ 2020 በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም የኮሮና ምርመራ ውጤቶችን የሚሰበስበው በድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። ያ ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይችልም። በዚያ ላይ የአንድ ሰው ውጤት ብዙ ረድፍ ይወስድ ስለነበር ፋይሉ ከታሰበው እጅግ ፈጥኖ ሞላ፤ የተረፈው ድምፅ ሳያሰማ ተቆረጠ። 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ወጡ፤ ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን መፈለግም በዚያው ልክ ዘገየ። «አዲሱን የፋይል ዓይነት ቢጠቀሙ ኖሮ» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ከ2007 ወዲህ አንድ ሺት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። እኔን የሚገርመኝ ግን የረድፉ ብዛት አይደለም። «በዚህ ፋይል ውስጥ አንድ ሰው ስንት ረድፍ ነው?» ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

ወደ ከበደ እንመለስ። ሰውን እንጂ ደረሰኝን ላለመቁጠር ኤክሴል ውስጥ የቆየ ብልሃት አለ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ አባል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ በካውንት-ኢፍ ትቆጥራላችሁ፣ አንድን ለዚያ ቁጥር ታካፍላላችሁ፣ ከዚያ ሁሉንም ትደምራላችሁ። ከበደ በሁለት ረድፍ ስላለ በእያንዳንዱ ረድፍ ግማሽ ሰው ይሆናል፤ ግማሽና ግማሽ ሲደመር አንድ ከበደ ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ቅኔ እንደተፈታለት ተማሪ ነበር የተደሰትኩት። ነገር ግን በመሐል አንድ ባዶ ሴል ካለ ለዜሮ ያካፍልና ስህተት ይተፋል፤ ወርና ስረዛ የሚሉ ቅድመ ሁኔታዎች ሲጨመሩበት ደግሞ ፎርሙላው ከጻፈው ሰው በቀር የሚያነበው አይገኝም። ጻፊው ሥራ የለቀቀ ቀን ቅኔው ያለ ፈቺ ይቀራል። በአዲሶቹ የኤክሴል ዕትሞች ዩኒክ የሚባለው ተግባር ይህን አቅልሎታል፤ የየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ዕትም ግን የትኛው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ካውንት-ኢፍ ሌላም አመል አለው፤ በዚሁ ልጥቀሰው። ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ ሲያገኝ እንደ ቁጥር ያነበዋል፣ ኤክሴል ደግሞ ከ15 አኃዝ በላይ አይዝም። ስለዚህ በጽሑፍ የተያዙ 16 አኃዝ ያላቸው ሁለት የባንክ ካርድ ቁጥሮች በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ቢለያዩ፣ ካውንት-ኢፍ «ይህ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል» ይላችኋል። በዚህ ምክንያት ሳይሰርቅ የተጠረጠረ ሰው አውቃለሁ።

አሁን እንሻገር። ፓወር ቢአይ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የወጣው በ2015 ነው። ዳክስ የሚባለው የፎርሙላ ቋንቋው ግን ከዚያ በፊት፣ ፓወር ፒቮት በሚባለው የኤክሴል 2010 ተጨማሪ ነው የመጣው። በአጭሩ ዳክስ ኤክሴል ቤት የተወለደ ልጅ ነው። ሰውን የሚያሳስተውም የቤተሰብ መልኩ ነው። ካውንት አለ፣ ካውንት-ኤ አለ፣ ካውንት-ብላንክም አለ። ከኤክሴል የመጣው ሰው ደስ ብሎት ካውንት-ኢፍን ይፈልጋል፤ የለም። ካውንት-ኢፍስም የለም።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል። በኤክሴል እያንዳንዱ ፎርሙላ የራሱን ወንፊት ይዞ ይዞራል። በፓወር ቢአይ ቆጣሪው ወንፊት የለውም፤ እህሉ ተነፍቶ ነው እጁ ላይ የሚደርሰው። «የደረሰኝ ብዛት» የሚል ሜዠር ጻፍኩ እንበል። ሜዠር ማለት ሴል ውስጥ የማይኖር፣ በተጠራበት ቦታ ሁሉ እንደ ቦታው የሚሰላ ፎርሙላ ነው። ውስጡ ያለው ካውንት-ሮውስ የሚለው ተግባርና የሠንጠረዡ ስም ብቻ ነው። ብቻውን ካስቀመጥኩት 6 ይላል። ከጎኑ የወር መምረጫ አድርጌ ጥቅምትን ስጫን 5 ይሆናል። የአባላቱን ስም ከሥሩ ስደረድር ለአልማዝ 1፣ ለከበደ 2፣ ለፋጡማ 1፣ ለደረጀ 1 ይሰጣል። ፎርሙላውን አልነካሁትም፤ የቆመበትን ቦታ ነው የቀየርኩት።

እንግዲህ ትርጉም የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይፈርሳል። በኤክሴል የነበሩኝን አርባ የካውንት-ኢፍስ ፎርሙላዎች አንድ በአንድ ወደ ዳክስ ልተርጉም ብዬ ተነሥቼ ነበር። ሦስት ቀን ከደከምኩ በኋላ ሳያቸው፣ አብዛኞቹ አንድ ፎርሙላ ሆነው በወርና በቅርንጫፍ ብቻ የሚለያዩ ነበሩ። አርባው አራት ሆነ። የቀረው ሥራ እያንዳንዱን ቅድመ ሁኔታ አንሥቶ «አንተ የአንባቢው ምርጫ ነህ ወይስ የቃሉ ፍቺ?» ብሎ መጠየቅ ነበር።

ይህን ጥያቄ ትንሽ ልቆይበት፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ እሱ ይሁን። «ጥቅምት» የአንባቢው ምርጫ ነው፤ ነገ ኅዳርን ይፈልጋል። ስለዚህ ፎርሙላው ውስጥ አይገባም፤ ገጹ ላይ ይቀመጥ። «ያልተሰረዘ» ግን ምርጫ አይደለም። የተሰረዘ ደረሰኝ ክፍያ አለመሆኑ የቃሉ ፍቺ ነው። ማንም ሰው በመዳፊት አንድ ጊዜ ተጭኖ ደረጀን ከፋይ ሊያደርገው አይገባም። ስለዚህ ካልኩሌት በሚባለው ተግባር ሜዠሩ ውስጥ በምስማር ይመታል። የከበደን ነገር ደግሞ ዲስቲንክት-ካውንት ይጨርሰዋል፤ ረድፉን ትቶ የተለያዩ የአባል ቁጥሮችን ብቻ ይቆጥራል። «ከፋይ አባላት» የሚለው ሜዠር እንዲህ ተሠርቶ ጥቅምት ሲመረጥ 3 ይላል። ግማሽ ሰው የለም፣ መካፈል የለም።

ወዲያው ግን ሒሳብ ሹሟ መጣች። «ድምሩ ተሳስቷል» አለችኝ። እውነትም ገጹ ላይ መስከረም 1፣ ጥቅምት 3፣ ድምር 3 ይላል። የሒሳብ ሰው ዓይን ይህን አይታገሥም። የመስከረሟ ፋጡማ ናት፣ የጥቅምቷም ፋጡማ ናት፤ በሁለት ወር ውስጥ የከፈሉት ሰዎች ሦስት ናቸው። ዲስቲንክት-ካውንት ድምሩን የሚያገኘው የላይኞቹን በመደመር አይደለም፤ ከሥር ተነሥቶ እንደገና ይቆጥራል። ብር ይደመራል፤ ሰው ሁልጊዜ አይደመርም። ይህን ለማስረዳት ግማሽ ቀንና ሁለት ማኪያቶ ፈጅቶብኛል፤ ሙሉ በሙሉ አምናኛለች ብዬም አልምልም።

ሌላው የመሰናከያ ቦታ በየረድፉ የሚቆም ካውንት-ኢፍ ነው። ኤክሴል ላይ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ አጠገብ «ይህ አባል በጠቅላላው ስንት ደረሰኝ አለው?» የሚል አምድ እንሠራለን፤ ተባዝቶ የገባውን ለመያዝ ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ይህን በፓወር ቢአይ የተሰላ አምድ አድርጋችሁ በካውንት-ሮውስ ብትጽፉት፣ በሁሉም ረድፍ ላይ 6 ይጽፍላችኋል። ረድፉ ላይ ቆሟል፣ ግን ረድፉን አያጣራም። «ካልኩሌት አስገባበት» ይላችኋል የሰማ ጓደኛ። ስታስገቡ በሁሉም ረድፍ ላይ 1 ይሆናል። አሁን ደግሞ ከመጠን በላይ አጣራ፤ ቀኑንም፣ ብሩንም፣ ሁኔታውንም ጭምር ወንፊት አድርጎ ሲያበቃ የሚተርፈው ያ ረድፍ ራሱ ብቻ ነው። ኦል-ኤክሴፕት የሚለውን ጨምራችሁ «ከአባል ቁጥሩ በቀር የቀረውን ማጣሪያ አንሣ» ስትሉት ነው ለከበደ 2 የሚሰጠው። 6፣ 1፣ 2፤ በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መሐል ያለውን ልዩነት በራሱ ፋይል ላይ ያየ ሰው ዳክስን ግማሽ መንገድ ተጉዟል። ካላየው ምንም ቪዲዮ አያድነውም።

«ይህ ስንተኛው ክፍያው ነው?» የሚለውማ ይብሳል። ኤክሴል ላይ የመጀመሪያውን ሴል በዶላር ምልክት አስረን ወደ ታች እንጎትታለን፤ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ሺቱ ላይ ከላይና ከታች የሚባል ነገር አለ። በፓወር ቢአይ ሠንጠረዥ ውስጥ ላይና ታች የለም። ረድፎቹ በከረጢት ውስጥ እንዳለ ባቄላ ናቸው። ቅደም ተከተል ከፈለጋችሁ ቀኑን ወይም ተራ ቁጥሩን ራሳችሁ አምድ አድርጋችሁ ማምጣት አለባችሁ።

ጫልቱን ረሳናት አይደል? እሷ ናት ከሁሉ የምታስቸግረው፤ አልከፈለችማ። ደረሰኝ የላትም፣ ስለዚህ በደረሰኞች ሠንጠረዥ ውስጥ የለችም። ኤክሴል ላይ የአባላት ዝርዝር ያለበት ሌላ ሺት ከፍተን፣ ከስሟ አጠገብ ደረሰኟን በካውንት-ኢፍ ስንቆጥር 0 ይወጣል። ፓወር ቢአይ ላይ ሁለቱን ሠንጠረዦች በአባል ቁጥር እናዛምዳለን፤ ካውንት-ሮውስ ግን የሚቆጥረው ሲያጣ ዜሮ አይልም፣ ባዶ ይላል። ገጹም ባዶ የሆነውን ረድፍ ይደብቃል። ያልከፈሉትን ለማወቅ በተሠራ ሪፖርት ላይ ያልከፈለችው ሴት ስሟ እንኳ አይገኝም! ዜሮ ደምሩበት፣ ትመጣለች። ግን ተጠንቀቁ፤ ከእሷ ጋር ከአምስት ዓመት በፊት ማኅበሩን የለቀቁት ሁሉ ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ የአባላት ሠንጠረዥ የገቡበትና የወጡበት ቀን ያስፈልገዋል። እኛ የገቡበት ቀን ነበረን፤ የወጡበትን የሚመዘግብ አምድ ግን አልነበረንም። ማን እንደወጣ የሚያውቁት ገንዘብ ያዧ ብቻ ነበሩ፤ በቃላቸው።

በተቃራኒው ደግሞ፣ ዝምድናው እንደተሠራ በአባላቱ ስም መሐል «ባዶ» የሚል አንድ ረድፍ ብቅ አለ፤ ከፊት ለፊቱ በርካታ ደረሰኞች ነበሩ። ሰዉ ይህን ረድፍ ይጠላዋል፤ ለማጥፋት የማይቆፍረው የለም። እኔ ወድጄዋለሁ። ፓወር ቢአይ ይህን ረድፍ የሚጨምረው በአባላት ዝርዝር ውስጥ የሌለ ቁጥር ደረሰኝ ላይ ሲያገኝ ነው። የኤክሴሉ ቆጠራ ከአባላቱ ወገን ስለሚነሣ እነዚህን ወላጅ አልባ ደረሰኞች ለዓመታት አላያቸውም ነበር። አብዛኞቹ ሲተየቡ የተሳሳቱ ቁጥሮች ሆኑ፤ ሁለቱ ግን ከፍለው ጨርሰው ስማቸው ያልተመዘገበ ሰዎች ነበሩ።

በቁጥር ፈንታ በስም የምትቆጥሩ ካላችሁ የባሰ አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም፤ ሞክሼ ፊደል ግን አለው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ። መነሻው በጸሎቱ «ጸ» ወይም በፀሐዩ «ፀ» ሊጻፍ ይችላል፤ ቀጣዩ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ሁለት በስድስት፣ አንድ ሴትዮ በአሥራ ሁለት መልክ። ለኤክሴልም ለፓወር ቢአይም አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። መፍትሔው መረጃው ከመጫኑ በፊት በሚጸዳበት በፓወር ኩዌሪ ውስጥ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ የሚመልስ ደረጃ ማስገባት ነው፤ ሠላሳ ምናምን መተኪያ ይፈጃል፣ ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ ያልቃል። የተመለሰውን ስም ለማመሳከሪያ ብቻ በሌላ አምድ ያዙት። በደብዳቤና በደረሰኝ ላይ ሰውየው ራሱ እንደሚጽፈው ይቅር፤ ኃይሉን «ሀይሉ» ብላችሁ ብትልኩለት የሚቆጣ አለ፣ ልክ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የአባል ቁጥር ነው።

ቀኑስ? ጥቅምት 30 ቀን 2016ን በቁጥር 30/2/2016 ብላችሁ ኤክሴል ላይ ጻፉ። ኤክሴል የካቲታቸውን ያስባል፣ የካቲታቸው ደግሞ 30 የለውም፤ ስለዚህ ቀን መሆኑን ክዶ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። በካውንት-ኢፍስ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ስትሉ ያ ረድፍ አይቆጠርም። ጥቅምት 5 ግን እንደ ኮምፒውተሩ ቅንብር የእነሱ የካቲት 5 ወይም ግንቦት 2 ሆኖ በሰላም ይገባል፤ ይህ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም አይጮኽም። ወሩን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጳጉሜን 3፣ 3/13 ስለሚሆን መጋቢት 13 ይሆናል። ፓወር ኩዌሪ አምዱን ቀን አድርግ ስትሉት ቢያንስ 30/2 ላይ «ስህተት» ብሎ ይጮኻል፤ ለእኔ ያ ጩኸት ትልቅ ውለታ ነው።

መድኃኒቱ የራስን የቀን ሠንጠረዥ መሥራት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፣ ከፈረንጁ ቀን አጠገብ የእኛ ቀን፣ ወር፣ ሩብ ዓመትና የበጀት ዓመት። በነገራችን ላይ የበጀት ዓመታችን መጀመሪያ ሐምሌ 1 በእኛ ዘመን በፈረንጁ ሁልጊዜ ሐምሌ 8 ላይ ነው የሚውለው፤ የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን መስከረምን ቢያዛባም እስከ ሐምሌ ድረስ በእነሱ የካቲት 29 ተስተካክሎ ይደርሳል። ስለዚህ ከዓመቱ መጀመሪያ የተጠራቀመውን የሚያሰላው የዳክስ ተግባር፣ የዓመቱ መዝጊያ የእነሱ ሐምሌ 7 ነው ብትሉት ለበጀት ዓመታችን በትክክል ይሠራል። ሩብ ዓመቱ ግን ከእኛው ሠንጠረዥ ነው መምጣት ያለበት። የመጀመሪያው ሩብ ዓመታችን ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜንና መስከረም ነው፤ 95 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 96። ሌሎቹ ሦስቱ 90፣ 90 ናቸው። «የመጀመሪያው ሩብ ዓመት አፈጻጸማችን ከፍ ያለ ነው» የሚል ሪፖርት ስታዩ አምስቱን ቀን አስታውሱ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አዲሱ ገጽ ሲከፈት ሊቀመንበሩ ያሉት የመጀመሪያ ቃል «ቁጥሩ ለምን ወረደ?» ነው። ማንም ሥራ አስኪያጅ ሌላ ነገር አይልም። ስለዚህ አሮጌውን ፋይል በዕለቱ አትዝጉት። ሦስት ወር ጎን ለጎን አስኪዱት፤ ልዩነት በታየ ቁጥር ረድፉ ድረስ ወርዳችሁ ምክንያቱን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ኤክሴሉ ሁለት ደረሰኝ ያለውን አባል ሁለቴ ይቆጥር ነበር።» «ኤክሴሉ የተሰረዘውን አይለይም ነበር።» እኛ ጋ እንዲህ ያለው ማስታወሻ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ሊቀመንበሩ አንብበው ሲጨርሱ የተቆጡት በአዲሱ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በድሮው ሆነ፤ ያ ቁጣ ደግሞ ወደ እኔ ነው የመጣው፣ ይገባኛል።

ሁሉም ሰው ይሻገር አልልም። ሠላሳ አባል ያለው ዕድር ፓወር ቢአይ ምን ያደርግለታል? ደብተር ይበቃዋል። መሥሪያውን በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ ዊንዶውስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሪፖርቱን በኢንተርኔት ለሌሎች ለማጋራት ግን በነፍስ ወከፍ ፈቃድ መግዛት ይመጣል፣ ክፍያውም በዶላር ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የአንድ ቀን ጥያቄ ከሆነ ፒቮት ቴብል አድርጋችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ያው ጥያቄ በየወሩ በተለያየ ሰው የሚጠየቅ ሲሆን ነው መሻገሩ የሚያዋጣው።

አዛውንቱን መጨረሻ ላይ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። «ሁለቴ ነበር የተቆጠሩት፤ አሁን አንድ ነዎት።» ሣቁ። «ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሰው ሆኜ ከርሜ ትርፍ ክፍፍሉ ላይ ግን አንድ አደረጋችሁኝ» አሉኝ።

በሕዝብ ቆጠራ አንድ ቤተሰብ የሚባለው አብሮ የሚኖርና የምግብ ማብሰያው አንድ የሆነ ነው፤ ዝምድና ኖረም አልኖረም። ያን ፍቺ ሳይዝ በር የሚያንኳኳ ቆጣሪ የለም። እኛ ማኅበር ውስጥም «አባል» ማለት ምን እንደሆነ መተዳደሪያ ደንቡን ዘርግተን ተቀመጥን። በአብዛኛው ተስማማን። አንድ ጉዳይ ግን አላለቀም። አንድ አባል ዐረፈ፤ ባለቤቱ በእሱ የአባል ቁጥር መክፈሏን ቀጠለች፤ ደንቡ ስለ ወራሽ የሚለው ነገር የለም። እሷ አባል ናት? እሱስ ወጥቷል? ኮሚቴው ሁለት ሰዓት ተከራክሮ ጉዳዩን በይደር አቆየው። እኔም በአባላት ሠንጠረዥ፣ ሁኔታ በሚለው አምድ ላይ «በይደር» ብዬ ጻፍኩ። አባላትን የሚቆጥረው ሜዠር «ንቁ» የሚለውን ብቻ ስለሚቆጥር እሷን ይዘላታል። ደረሰኟ ግን በየወሩ በ5 ይቆረጣል።